ላሜራን በመኪና ማሳየት፦ ስለ ስሪዲ የብራውዘር ማሳያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ የምሠራው ሥራ ለሰው ለማስረዳት ያስቸግራል። «ዌብሳይት ነው?» ይሉኛል። ነው። «ጌም ነው እንዴ?» እሱንም ይመስላል። ላሜራ፣ ፋይበር፣ ቀለም፣ ላስቲክ፣ የድምፅ መከላከያ ምንጣፍ የሚያመርቱና የሚሸጡ ሰዎች ዕቃቸውን መኪና ላይ አድርገው በስልክ የሚያሳዩበትን የስሪዲ (ከየጎኑ እየዞረ የሚታይ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል) ገጽ ነው የምሠራው። ከጠባሴም ይደወል ከሸዋ ሮቢት፣ ጥያቄው ያው ነው። ስልክ ላይ ደጋግሜ ከማወራ ብዬ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

እንዲያው በቀላሉ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው?

ሊንክ ትነካላችሁ፣ መኪና ይመጣል። በጣት ታዞሩታላችሁ፣ ታቀርቡታላችሁ። ስፖንዳውን፣ ማለትም የጭነቱን የጎን ግድግዳ፣ ስትነኩት እሱ ብቻ ይደምቅና ከምን እንደተሠራ፣ ስንት ሚሊ እንደሆነ፣ ምን እንደተቀባ ይነግራችኋል። በሩን ስትከፍቱት ከሽፋኑ ሥር ያለው ምንጣፍ ይታያል። አፕ መጫን የለም፤ ብራውዘር ይበቃል።

ቪዲዮ አይደለም። ቪዲዮ ላይ ሠሪው የፈለገውን ያሳያችኋል። እዚህ መሪው እናንተ ጋ ነው። ዕቃ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ማየት የሚፈልገው ሻጩ ያላሳየውን ነው። ይገለብጣል፣ ጠርዙን ይዳስሳል፣ ያንኳኳል። ማንኳኳቱን ገና አልቻልንበትም። መገልበጡን ግን ስልክ ላይ ማምጣት ይቻላል።

እኔ የምሸጠው ላሜራ ነው። መኪና ምን ይሠራልኛል?

መኪናው መስቀያ ነው። የሚሸጠው ልብሱ ነው። ይህን ከሳታችሁት ሌላው ሁሉ ይበላሻል።

ላሜራን ብቻውን ፎቶ ስታነሱት ግራጫ አራት ማዕዘን ነው። 1 ሚሊውም 2 ሚሊውም ስክሪን ላይ አንድ ናቸው። መኪና ላይ ሲሆን ግን ሰው ቦታውን ያውቀዋል። እኛ ዘንድ አይሱዙ የማያውቅ የለም። የምንጃርን ጤፍ፣ የሸዋ ሮቢትን ሽንኩርት የጫነ መኪና የጣርማ በርን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ አይቶ ያደገ ሰው ነው ደንበኛችሁ። ሻንሲው ለምን ወፍራም፣ የጋቢናው ላሜራ ለምን ስስ እንደሆነ ንግግር አያስፈልገውም። «ይሄ ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ነው» ስትሉት ከረጢት ሲጎተትበት ይታየዋል። ያን ጊዜ ውፍረቱ ትርጉም ያገኛል።

ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ራሱን የቻለ የዕቃ መደብር ነው። ፓራብሬዛው ሁለት መስታወት ሆኖ በመሀሉ ስስ ፕላስቲክ የተጣበቀበት ነው፤ ቢሰነጠቅም ተያይዞ ይቀራል። የበሩ መስታወት በሙቀት የጠነከረ ነው፤ ሲሰበር እንደ ጥራጥሬ ይበታተናል። ጎማው ውስጥ የተፈጥሮ ላስቲክ፣ ሰው ሠራሽ ላስቲክ፣ ጥቁር ያደረገው የካርቦን ዱቄትና የብረት ሽቦ አለ። የስፖንዳው ፍሬም ቱቦላሬና አንጎላሬ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ በሌላ በምን ታሰባስቡታላችሁ?

ስህተቱ የሚመጣው መኪናው ሲያምርብን ነው። እኔም ገብቼበታለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ መኪናው የሚያብለጨልጭ ወለል ላይ በራሱ ይሽከረከር ነበር። ያየ ሁሉ «ዋው፣ መኪናው!» አለ። ስለ ላሜራው የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። አሳዛኙ ነገር፣ ደንበኛዬ መኪና አይሸጥም።

የትኛውን መኪና ልምረጥ?

ዕቃችሁ በብዛት የሚገኝበትን። ለላሜራና ለቱቦላሬ የጭነት መኪና። ለወንበር ጨርቅ፣ ለስፖንጅና ለምንጣፍ ሚኒባስ። ለሸራና ለፕላስቲክ ባጃጅ አይናቅም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ይሁንልኝ የሚል ደንበኛም መጥቷል። ለባትሪ ሽፋን አልሙኒየም የምታቀርቡ ከሆነ ጥሩ። አለበለዚያ ለፋሽን ብላችሁ አትልፉ።

አንድ ነገር ብቻ፦ የታወቀ ኩባንያ መኪና ከነአርማው አትገልብጡ። ቅርጹ የሚታወስ፣ ስም የሌለው መኪና ይሠራ። ሰው እንደሆነ «አይሱዙ ነው» ማለቱ አይቀርም። እሱ ይበል፣ እናንተ አትበሉ።

ሞዴሉ ከየት ይመጣል?

ከሦስት ቦታ። ወይ ፋብሪካው ራሱ የነደፈበት ፋይል አለው፣ ወይ የተዘጋጀ ሞዴል ይገዛል፣ ወይ ብሌንደር በሚባለው የስሪዲ ፕሮግራም ላይ ከባዶ ይሠራል። ብሌንደር ነፃ ነው፤ የሚያስከፍለው ጊዜና ዐይን ነው።

ሰው ሁሉ የሚመርጠው የመጀመሪያውን ነው። «የኢንጂነሩ ፋይል አለን፣ ዝም ብለህ ጫነው» ይሉኛል። ዝም ብሎ አይጫንም። የኢንጂነር ፋይል የተሠራው ዕቃው እንዲመረት እንጂ እንዲታይ አይደለም። ቅርጹ በሒሳብ የተገለጸ ነው። ብራውዘር ደግሞ የሚያውቀው ሦስት ማዕዘን ብቻ ነው፤ ሁሉም ነገር ወደ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች መቆረጥ አለበት። እዚያ ላይ አንዷ ብሎን ከነጥርሷ ስትገባ ብቻዋን በሺዎች የሚቆጠር ሦስት ማዕዘን ትበላለች። መኪናው ላይ ስንት ብሎን እንዳለ እናንተው ቁጠሩት።

ስለዚህ መጀመሪያ የማደርገው መጣል ነው። የማይታይ ይውጣ። ሞተሩ ውስጥ ያለው ይውጣ። የብሎኑ ጥርስ ይውጣ፣ ጭንቅላቱ ይቅር። ለስልክ የማደርሰው መኪና ሲያልቅ ከ100 እስከ 150 ሺህ ሦስት ማዕዘን ቢሆን ደስ ይለኛል። የማስቀረው ነገር ግን አለ፦ የላሜራው ጠርዝ። ስንት ሚሊ እንደሆነ የሚታየው እሱ ላይ ነው። ብዙ ሠሪዎች ስፖንዳን እንደ ወረቀት ውፍረት አልባ አድርገው ይተዉታል። የእናንተ ሸቀጥ ውፍረት ከሆነ ጠርዙን መቁረጥ ሱቁን መዝጋት ነው።

ሞዴል ከገዛችሁ ፈቃዱን አንብቡ። በፎቶ ለመጠቀም የፈቀደ ሁሉ ፋይሉን ዌብሳይት ላይ ለመጫን አልፈቀደም።

ብረቱ ብረት፣ ላስቲኩ ላስቲክ እንዲመስል ምን ይደረጋል?

የሥራው ልብ ይሄ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

ብራውዘር ላይ አንድ ዕቃ የሚገለጸው በዋናነት በሦስት ነገር ነው። ቀለሙ፣ ብረት መሆን አለመሆኑ፣ እና ሸካራነቱ። ሁለተኛው ከ0 እስከ 1 የሚሄድ ቁጥር ነው፤ ግን መሀሉ ላይ ማንዣበብ አያስፈልግም። ዕቃ ወይ ብረት ነው ወይ አይደለም። ላሜራ 1፣ ላስቲክ 0፣ ፋይበር 0። ቀለም የተቀባ ላሜራም 0 ነው፤ ዐይናችን የሚያየው ቀለሙን እንጂ ብረቱን አይደለምና። ሰው የሚሳሳተው ዝገት ላይ ነው። ዝገት ከብረት ይወጣል እንጂ ብረት አይደለም። እሱም 0 ነው። 1 ካደረጋችሁት ዝገቱ የመዳብ ድስት ይመስላል።

ሸካራነት ደግሞ ብርሃኑ ተሰብስቦ ይመለስ ወይስ ይበተን የሚለው ነው። ነፍሱ ያለው እዚህ ነው። አንድ ቀን የሠራሁትን ባለ ዚንክ ላሜራ ለአንድ ጋሼ አሳየሁ። ዕድሜያቸውን በባትላሜራነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ስልኩን ወደ ዐይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ። «ልጄ፣ ይሄ ላሜራ ነው ወይስ የሠርግ ትሪ?» አሉኝ። ሳቅሁ፣ ግን ደነገጥሁ። ከጥግ አንዲት ቁራጭ አንስተው ወደ በሩ ይዘውኝ ሄዱ። የጠዋት ፀሐይ ነበር፤ የደብረ ብርሃን ጠዋት፣ አፍ ጭስ የሚያወጣበት። ቁራጯን በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው አዘነበሏት። የዚንኩ አበባ፣ ላዩ ላይ የሚታየው የክሪስታል ቅርጽ፣ አንዱ ሲበራ ጎረቤቱ ይጨልማል። ትንሽ ዞር ሲያደርጓት የጨለመው በራ፣ የበራው ጠፋ። «ላሜራ ቆሞ አይታወቅም። ዞር ሲል ነው» አሉ።

ሦስት ነገር ቀየርሁ። አንደኛ፣ አንድ ወጥ የነበረውን ሸካራነት በአበባው ልክ ከፋፈልሁት፤ እያንዳንዱ የዚንክ ክሪስታል የራሱ ትንሽ ልዩነት አለው። ሁለተኛ፣ የአበባውን መጠን ከእውነተኛው ቁራጭ ላይ በማስመሪያ ለክቼ አስገባሁት። ቴክስቸሩ (ቅርጹ ላይ የሚለበጠው ምስል) ከመጠኑ በላይ ከተለጠጠ ጭነት መኪናው መጫወቻ ይመስላል፤ ሰው ለምን እንደሆነ አያውቅም፣ ግን አያምነውም። ሦስተኛ፣ መኪናው ቆሞ ብርሃኑ ብቻ በጣት የሚዞርበት አማራጭ ጨመርሁ። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ በጣም የሚነካው እሱ ነው።

ብርሃን ካነሳን፣ ብረት የራሱ መልክ የለውም ማለት ይቻላል። የሚያሳየው ዙሪያውን ነው። ባዶ ነጭ ክፍል ውስጥ ያስቀመጣችሁት ብረት የሞተ ግራጫ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን የሚከበው የሰማይና የምድር ፎቶ ከሞዴሉ እኩል ዋጋ አለው። ነፃ የሆኑ ጥሩ ጥሩ ፎቶዎች ፖሊ ሄቨን የሚባለው ድረ ገጽ ላይ አሉ። ብዙዎቹ ግን የሌላ አገር ሰማይ ናቸው። የኛ ደጋ ብርሃን ስል ነው፤ ከተማው ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ ጥላው ጠርዝ አለው። ስሙም ያለ ነገር ደብረ ብርሃን አልተባለም።

ቀሪውን ባጭሩ። ላስቲክን ድፍን ጥቁር አታድርጉት፤ ጥቁር ግራጫ ይሁን፣ ሸካራነቱ ከፍ ይበል። የመኪና ቀለም ሁለት ድርብ ነው፣ ከታች ቀለሙ ከላይ የሚያበራው ቫርኒሽ፤ ለዚህ የተዘጋጀ ቅንብር አለ፣ ተጠቀሙበት። ለሱፍና ለፈልት ምንጣፍ ደግሞ ጠርዙ ላይ ጭጋግ የመሰለ ጸጉራም ብርሃን የሚጨምር ቅንብር አለ። የመንዝ ባና ለብሶ ያደገ ሰው የሱፍን ጠርዝ ያውቃል። ያለሱ ፕላስቲክ ነው የሚለው።

በርካሽ ስልክ ይሠራል?

መሥራት አለበት። ካልሠራ የሠራችሁት ለራሳችሁ ነው።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ገጼ 48 ሜጋባይት ነበር። የኔ ላፕቶፕ ላይ በቢሮ ዋይፋይ ውሃ ነው። ከዚያ አንድ ደብረ ሲና ያለ ነጋዴ በሞባይል ዳታ ከፈተው። ነጭ ገጽ፣ የሚዞር ክብ። ጠበቀ፣ ጠበቀ። ስልኩ ሞቀ፣ ብራውዘሩ ተዘጋ። ደግሞ ከፈተው። በሁለተኛውም አልሆነም። ደውሎ «ወንድሜ፣ ካርዴን በላኸው እኮ» አለኝ። መኪናውን አላየውም። የሃምሳ ብር ካርድ ላክሁለት። ተገቢ ነው።

አሁን የምይዘው ሕግ እንዲህ ነው። ገጹ ሲከፈት ወዲያው የመኪናው ፎቶ ይታያል፤ ከ200 ኪሎባይት አይበልጥም። ስሪዲው ከኋላ ይመጣል፣ ሲደርስ ፎቶውን ይተካል። ጠቅላላው 5 ሜጋ አካባቢ ይሁን። የሚከፈተው በር ውስጡ ያለው ነገር በሩ እስኪነካ አይወርድም።

እንዴት እንደሚቀንስ ለሚጠይቁ ሠሪዎች፦ ፋይሉ ጂኤልቢ ይሁን። ጂኤልቲኤፍ 2.0 ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የስሪዲ ፋይል ፎርማት ነው፣ ከ2022 ወዲህ ዓለም አቀፍ ደረጃም ሆኗል፤ ሁሉም ያነበዋል። ጂኤልቢ የሱው አንድ ላይ የታሸገ መልክ ነው። ቅርጹን በድራኮ ወይም በሜሽኦፕት፣ ቅርጽ በሚያምቁት መሣሪያዎች፣ እመቁት። ከሁሉ የሚበላው ግን ቴክስቸር ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ ሰው የሚታለለው በጄፔግ ነው። ጄፔግ ሲወርድ ትንሽ ነው። የስልኩ ሜሞሪ ውስጥ ሲገባ ግን ይዘረጋል። 4096 በ4096 የሆነ አንድ ምስል፣ በፒክስል 4 ባይት ሲታሰብ 64 ሜጋ ይይዛል። ከነትንንሽ ቅጂዎቹ 85 ገደማ። አምስት ስድስት እንዲህ ያለ ምስል የጫነ ገጽ ርካሽ ስልክን ይጥላል። ወደ 2048 ብታወርዱት 16 ሜጋ፣ ወደ 1024 ብታወርዱት 4 ሜጋ ነው። በኬቲኤክስ2፣ በቴክስቸር ማሸጊያው ፎርማት፣ ስታሽጉት ደግሞ ስልኩ ውስጥም እንደታሸገ ይቀመጣል፤ ቦታው ወደ ሩብ ወይም ከዚያም በታች ይወርዳል።

ሁለት ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ስልኩን ያድኑታል። የዛሬ ስልክ ስክሪን ፒክስሉ የጠጠረ ነው፤ ሦስት እጥፍ የሚባለው ላይ ሙሉውን ከመሳል 1.5 እጥፍ ላይ ብትገቱት ሥራው ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ልዩነቱን የሚያይ ጥቂት ነው። ሌላው፣ ማንም ሳይነካው መኪናውን በሰከንድ 60 ጊዜ መሳል ምን ያደርጋል? ጣት ሲነካው ብቻ ይሳል። ባትሪውም ይቆያል፣ እጅም አያቃጥልም።

በምን ቴክኖሎጂ ልሥራው?

ስሪ ጄኤስ፣ ብራውዘር ላይ ስሪዲ የሚስል የኮድ ስብስብ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ስትቸገሩ መልስ ታገኛላችሁ። ባቢሎን ጄኤስም ጥሩ ነው። አንድ ዕቃ ብቻ ማዞር ከሆነ የጉግሉ ሞዴል ቪወር ይበቃል፤ ለዶሮ በሬ አይታረድም።

ከሥር ሆኖ ብራውዘሩ በስልኩ ግራፊክስ እንዲስል የሚያደርገው ዌብጂኤል 2 ይሁን። ዌብጂፒዩ የሚባለው አዲሱ ክሮም ላይ በ2023 እ.ኤ.አ. ነው የገባው፣ አንድሮይድ ላይ ደግሞ በ2024 መጀመሪያ። ጥሩ ነው፣ ይመጣል። የእናንተ ደንበኛ ግን ስልኩን ከዚያ በፊት ገዝቶት ሊሆን ይችላል።

ምን ምኑ የሚነካ ይሁን?

ጥቂት። አንድ ደንበኛዬ መኪናው ላይ ሠላሳ ነጥብ እንድሰካ ፈልጎ ነበር። ፈንጣጣ የያዘው መኪና ሆነ። በአንድ ዕይታ አምስት ነጥብ በቂ ነው፤ መኪናው ሲዞር ሌሎቹ ይመጣሉ። ነጥቡ ደግሞ ለኮምፒውተር ማውስ ቀስት ሳይሆን ለአውራ ጣት ይሠራ። ጋራዥ ውስጥ ያለ ጣት ግሪስ ነክቶታል፣ ወፍራም ነው።

ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ማወዳደሪያውን ነው። ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን፣ ከነክብደታቸው። ግን ሙሉውን እውነት ይናገር። ምሳሌ ላሳያችሁ። 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ፣ 2 ሚሊ ውፍረት ያለው ላሜራ አለ እንበል። ከብረት ከሆነ 31 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ከአልሙኒየም ከሆነ ወደ 11 ኪሎ። የአልሙኒየም ሻጭ እዚህ ጋ ቁም ይለኛል። አልቆምም። አልሙኒየም በተመሳሳይ ውፍረት ላለመታጠፍ ያለው አቅም የብረት ሲሶ ነው። ያንኑ ግትርነት ለማግኘት ውፍረቱ ወደ 2.9 ሚሊ መውጣት አለበት። ያኔ 15 ኪሎ ተኩል ይሆናል። አሁንም የብረቱ ግማሽ ነው! ማራኪነቱ አልጠፋም። ደንበኛው ግን 11 ኪሎ ብሎ ገዝቶ ስፖንዳው ሲንቀጠቀጥበት የሚሳደበው እናንተን ነው።

ማያ ገጹ ላይ ይህን በተንሸራታች አደርገዋለሁ። ጣት ወደ ቀኝ ሲሄድ ጠርዙ ይወፍራል፣ የኪሎው ቁጥር ይጨምራል፣ ጭነት ሲጫንበት የሚጎብጠው ይቀንሳል። መጉበጡ እንዲታይ አጋንኜ ነው የምስለው፤ ተጋኖ እንደተሳለ ግን ከሥሩ እጽፋለሁ።

ዝገትና አቧራ ይታይ? ደንበኛዬ መኪናው አዲስ ይሁን ይላል።

ሁለቱም ይሁን። አንድ ቁልፍ ነክቶ አዲሱን ወደ አሮጌ መቀየር ይቻል። ፀረ ዝገት የሚሸጥ ሰው ዝገት ካላሳየ ምኑን ሸጠ? ባለ ዚንክ ላሜራ ላይ ጭረት ሳሉ፣ ብረቱ ቢገለጥም ዚንኩ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን እንደሚጠብቅለት አሳዩ። ይህን በቃል ሲሰሙት ብዙዎች አያምኑም። ሲያዩት ይገባቸዋል።

«ከ10 ዓመት በኋላ» ብላችሁ ግን አትጻፉ። ፋብሪካዎች በጨው ርጭት የሚፈትኑት በሰዓት ነው፤ ያንን ሰዓት ወደ መንገድ ላይ ዓመት የሚቀይር ቀመር የለም። ብርዱ ውስጥ ደብረ ብርሃን የሚውል መኪናና ጨው ጭኖ ቆላ ለቆላ የሚሄድ መኪና አንድ አያረጁም። የተፈተነውን ሰዓት ጻፉ፣ በቃ።

ጽሑፉ በአማርኛ ሲሆን ችግር አለው?

ችግሩ ፊደሉ ሳይሆን ቃሉ ነው። አንድ ጊዜ «የፊት መከላከያ መስታወት» ተብሎ የተጻፈበት ረቂቅ መጣልኝ። ማን ነው እንዲህ የሚለው? ፓራብሬዛ ነው። ኮፈን፣ ቸርኬ፣ ስፖኪዮ፣ ላሜራ፣ ስቱኮ… ጣሊያን ትቷቸው ከሄደው ነገር ሁሉ፣ ከጣርማ በር ዋሻ ጋር፣ ዛሬም የምንገለገልባቸው እነዚህ ናቸው። ጋራዥ የሚለውን ጻፉ።

በቴክኒኩ በኩል፣ ጽሑፉን ስሪዲው ላይ አትሳሉት። ከላዩ ተራ የገጽ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጥ። ይነበባል፣ ይገለበጣል፣ ጉግልም ያገኘዋል። ፎንቱን ከገጹ ጋር አያይዙት፤ የምትጠቀሙባቸውን ፊደላት ብቻ አስቀርታችሁ ብትቆርጡት ቀላል ይሆናል።

አፕ ቢሆን አይሻልም?

አይሻልም። ላሜራ ለማየት ብሎ አፕ የሚጭን ሰው አላውቅም። ሊንኩ በቴሌግራም ይሄዳል፣ እዚያው ይከፈታል። ለዚህ ነው ቴሌግራም ውስጥ ባለው ብራውዘር ላይ አስቀድማችሁ መሞከር ያለባችሁ። እኔ ዘንድ ክሮም ላይ ቀጥ ብሎ የሠራ ነገር እዚያ ሲንከላወስ አይቻለሁ።

ባዛር ላይ ኔትወርክ ቢጠፋስ?

ገጹ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ፋይሎቹን ስልኩ ወይም ላፕቶፑ ላይ እንዲያስቀር ማድረግ ይቻላል። ከቤት ሳትወጡ ክፈቱት፣ ዋይፋዩን አጥፉና ደግማችሁ ክፈቱት። ቻርጀር አትርሱ።

ስንት ጊዜ ይወስዳል?

ይሄ በእናንተ ነው። ሞዴሉን ማጽዳት ሳምንታት ይወስዳል፣ እሱን አውቀዋለሁ። የማላውቀው እናንተ የዕቃችሁን ዝርዝር መቼ እንደምትሰጡኝ ነው። «ውፍረቱ ስንት ነው?» ብዬ ጠይቄ መልሱን ለማግኘት ስቶር ኪፐሩ ከለቅሶ እስኪመለስ የጠበቅሁበት ሥራ አለ። የምትሸጡትን ዕቃ ስም፣ ውፍረት፣ ስፋት፣ ቀለም አንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኑ። ከእያንዳንዱ የመዳፍ ስፋት ያላት ቁራጭም ጨምሩ። ፎቶ አይበቃኝም። ዞር ማድረግ አለብኝ፤ ጋሼ አስተምረውኛል።

ሰው አይቶ ከመሄድ አልፎ እንዲገዛ ምን ላድርግ?

የተነካው ዕቃ ሥር «ዋጋ ጠይቅ» የሚል ቁልፍ ይኑር። ሲነካ የዕቃውን ስም፣ ውፍረቱንና መጠኑን ራሱ ጽፎ ወደ ቴሌግራማችሁ ይላክ። ደንበኛው እንደ አዲስ «ያቺ ከታች ያለችው ነገር» እያለ አይጨነቅም። የትኛው ክፍል ስንት ጊዜ እንደተነካም ቁጠሩ። እኔ ሰው ኮፈኑንና ጋቢናውን ይነካል ብዬ ነበር። አብዛኛው መኪናውን ገልብጦ ከሥር ሻንሲውንና ወለሉን ነው የሚያየው። ከሥር ያለውን እኔ በደንብ አልሠራሁትም ነበር! ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ ሠራሁት።

ሞዴሌን ሰው ቢሰርቀውስ?

ብራውዘር ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ ይወርዳል። ማጠር ይቻላል፣ መቆለፍ አይቻልም። ስለዚህ የሚወጣው ጂኤልቢ ውስጡ ባዶ የሆነ ቅርፊት ይሁን። የመገጣጠሚያ ልኩ፣ የሻጋታው ቅርጽ፣ የኢንጂነሩ ፋይል ቤት ይቅር። ቅርፊቱን የወሰደ ሰው የወሰደው መስቀያውን ነው።